ሁለት ዲስክ «ሞቷል» ከተባለ በኋላ፦ ፒያሳ ስላለች አንዲት የላፕቶፕ ጥገና ቤት

ጎንደር ፒያሳ፣ ከፋሲል ግቢ በእግር ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ምድር ቤት፣ በልብስ ሰፊና በፎቶ ኮፒ ቤት መካከል የተሸጎጠች አንዲት ጠባብ የኮምፒዩተር ጥገና ቤት አለች። ባለቤቷ «ያለን ደንበኛ ይበቃናል» ብለው የቤቱ ስም እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ ስሟን አልጠቅስም፤ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ግን ጠይቆ አያጣትም። የምጽፈው ስለ አንድ ዓይነት ብልሽትና ቤቷ እሱን ስለያዘችበት መንገድ ነው፤ ላፕቶፑ ይበራል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ የአምራቹ ምልክት ይታያል፣ ከዚያ በኋላ ግን በውስጡ ያሉትን ዲስኮች ጭራሽ አያያቸውም። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ቤቷ ቀርፋፋ ናት፣ አያያዟም እንከን አያጣውም፣ ነገር ግን ሳትመረምር ዕቃ አትሸጥም፤ ለዚህ ዓይነቱ ችግር ደግሞ ከፍጥነትም ከዋጋም አስቀድሞ መፈለግ ያለበት ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ላፕቶፔ ሁለት ዲስክ አለው። ዊንዶውሱ የተጫነው ኤስኤስዲ በሚባለው፣ በቺፕ በተሠራው ፈጣን ዲስክ ላይ ሲሆን፣ የደንበኞቼን የሂሳብ መዝገብ የማስቀምጠው 1 ቴራባይት በሚይዘው የተለመደ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ሥራዬ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ሂሳብ መያዝ በመሆኑ፣ የግብር ማሳወቂያው ወቅት የሚከፈትበት ሐምሌ ለእኔም ለማሽኑም የዕረፍት ወር አይደለም። የላፕቶፑ ዋና ባትሪ ከደከመ ቆይቷል፤ ስለዚህ መብራት በሄደ ቁጥር ማሽኑም አብሮ ድርግም ይላል። ክረምቱ እንደገባ በአንድ ምሽት መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ላፕቶፑ በሰማያዊ ገጽ ላይ የሚነሳበትን ዲስክ ማግኘት እንዳልቻለ የሚገልጽ ጽሑፍ አውጥቶ ቀጥ አለ። ቢጠፋና ቢበራ ያው ነው።

መጀመሪያ የወሰድኩት ለቤቴ ቅርብ ወደሆነ ሌላ ጥገና ቤት ነበር። እዚያ የተረከበኝ ሰው አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ የላፕቶፑን ጀርባ ፈታ፣ ውስጡን ነካካ፣ መልሶ ዘጋው፣ ከዚያም ዊንዶውስ የያዘ ፍላሽ ሰካ። የመጫኛው ገጽ ላይ ዲስኮች ሊዘረዘሩበት የሚገባው ቦታ ባዶ ሆነ። «ሁለቱም ሞተዋል» የሚለው ፍርድ ወዲያው ተሰጠ፤ የአዲስ ኤስኤስዲና የአዲስ ሃርድ ዲስክ ዋጋ ተነገረኝ፤ ቀብድም ተጠየቅሁ። እኔ የኮምፒዩተር ባለሙያ አይደለሁም፤ ሂሳብ የሚያውቅ ሰው ግን የመሆንና ያለመሆን ዕድልን ያመዛዝናል። አንዱ ዲስክ የሚሽከረከር ሳህን ያለው ነው፣ ሌላው የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ቺፕ ነው፤ አምራቻቸው ይለያያል፣ የሚሰኩበት ማገናኛም ይለያያል። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ምሽት ተያይዘው ሞቱ ከሚባል ይልቅ ሁለቱንም የሚመለከት ሌላ ነገር ተበላሸ ቢባል ለማመን ይቀላል። ላፕቶፔን ተቀብዬ ወጣሁና፣ ከዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ የሚመጡ ተማሪዎች የሚያዘወትሯት ናት ወደተባለችው ወደ ፒያሳዋ ቤት ሄድኩ።

እዚህ ያለው አቀባበል ገና ከበሩ ይለያል። ባለቤቷ ላፕቶፑን ከመንካታቸው በፊት «ጋሼ፣ ይበልጥ የሚያሳስብዎት ማሽኑ ነው ወይስ ውስጡ ያለው ፋይል?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው የጨዋነት ብቻ አይደለም፤ መልሱ የሥራውን ቅደም ተከተል ሙሉ በሙሉ ይለውጠዋል። ማሽኑ ይነሳልኝ ላለ ሰው ዲስኩን ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስን እንደገና መጫን ፈጣን መፍትሔ ሊሆን ይችላል። ፋይሉን ለሚፈልግ ሰው ግን ይኸው እርምጃ ጥፋት ነው፤ በተለይም ኤስኤስዲ ላይ፣ ዲስኩ የተሰረዘውን ቦታ ትሪም በሚባለው አሠራር በራሱ ጊዜ ስለሚያጸዳ፣ አንዴ ፎርማት የተደረገን ነገር መልሶ ማግኘት ብዙ ጊዜ የማይሞከር ይሆናል። ፋይሉ እንደሆነ ስነግራቸው ማሽኑን በሚረከቡበት ካርድ ላይ ጻፉት። ቀጥለው «ሌላ ቦታ ተከፍቷል?» አሉኝ፤ መከፈቱን ስናገር ያንንም ጻፉት፤ ይህች ሁለተኛዋ መስመር ኋላ ላይ ከመጀመሪያዋ ያላነሰ ጠቅማናለች። ሦስተኛው ጥያቄያቸው ዲስኩ በቢትሎከር፣ ማለትም በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን የሚመለከት ነበር። የእኔ አልተቆለፈም። በማይክሮሶፍት አካውንት የተከፈቱ ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ግን ባለቤቱ ሳያስተውል ተቆልፈው ይገኛሉ፤ እንዲህ ባለው ማሽን ላይ የመነሻ ቅንብሩ ሲነካካ ባለ 48 አሃዝ መክፈቻ ቁጥር ሊጠየቅ ይችላል፤ ቁጥሩ ከሌለ ደግሞ የትኛውም ባለሙያ ፋይሉን አያወጣውም። ስለዚህ ወደ ጥገና ቤት ከመሄድ በፊት በስልክ ወደ አካውንቱ ገብቶ ቁጥሩን ማውጣት ይበጃል።

ባለሙያው ከሃያዎቹ ዕድሜ ያልዘለለ ወጣት ነው። ላፕቶፑን ሲቀበል ካቻቢቴ አላነሳም፤ ቻርጀሩን ሰክቶ ወደ ባዮስ ገባ። ባዮስ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ማሽኑ የገዛ አካላቱን የሚቆጥርበት ፕሮግራም ነው፤ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፣ ዴልና አብዛኞቹ ሌኖቮዎች ላይ ኤፍ 2 የሚለውን ቁልፍ ማሽኑ እንደበራ ደጋግሞ በመጫን ይከፈታል፤ ለማየት ብቻ ገብቶ ምንም ሳይለውጥ ለሚወጣ ሰው ጉዳት የለውም። የምርመራው መንገድ ለሁለት የሚከፈለውም እዚህ ላይ ነው። ባዮሱ ዲስኩን በስሙና በመጠኑ እየጠራው ዊንዶውስ ካላየው፣ ችግሩ ባመዛኙ የቅንብር ወይም የሶፍትዌር ነው። ባዮሱም ካላየው ግን ወደ ኬብሉ፣ ወደ ማገናኛው፣ ወደ ዲስኩ ራሱ፣ በመጨረሻም ሁሉም አካል ወደሚሰካበት ዋና ሰሌዳ፣ ወደ ማዘርቦርዱ፣ መሄድ የግድ ይሆናል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ማለት በዚህ ሙያ ከባዮስ መጀመር ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ቤት የዘለለውም ይህንኑ ነበር።

የወጣቱ ዓይን ግን መጀመሪያ የሄደው ወደ ዲስኮቹ ዝርዝር ሳይሆን ወደ ሰዓቱ ነበር። ባዮሱ የሚያሳየው ቀን እ.ኤ.አ. ወደ 2021 ተመልሷል። በማዘርቦርድ ላይ ሰዓቱንና በብዙ ማሽኖችም ቅንብሩን የምታቆይ፣ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፤ የተለመደችው ዓይነት 20 ሚሊ ሜትር ስፋትና 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት፣ 3 ቮልት የምትሰጠው ሲአር 2032 ናት። ይህች ባትሪ ስትደክም፣ ዋናው ባትሪም እንደ እኔው የደከመ ከሆነ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ያለ ምንም ድጋፍ ይቀርና ቅንብሩን ረስቶ ከፋብሪካ እንደወጣ ወደነበረው ይመለሳል። ወጣቱ ይህን ካየ በኋላ «ጋሼ፣ ዊንዶውሱን ማን ነው የጫነልዎት?» አለኝ። ማሽኑን ከገዛሁ በኋላ እዚሁ ከተማ ያስጫንኩት እንደሆነ ነገርኩት። «እንግዲያውስ የጫነው ሰው አንድ ነገር አጥፍቶ ነበር፤ አሁን እሱ ተመልሶ በርቷል» አለና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። በዋናው ገጽ ላይ ያልተጠራው ኤስኤስዲ፣ ሌላ ገጽ ውስጥ ከነሞዴል ቁጥሩና ከነመጠኑ ተጽፎ ቁጭ ብሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉ ብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ቪኤምዲ የሚባል የዲስክ አያያዝ ሥርዓት በርቶባቸው ከፋብሪካ ይወጣሉ። ሥርዓቱ በርቶ ሳለ ኤስኤስዲው ለዊንዶውስ በቀጥታ አይቀርብም፤ በኢንቴሉ ተቆጣጣሪ በኩል ነው የሚቀርበው። ዊንዶውስ ለዚህ ተቆጣጣሪ የሚሆን ድራይቨር፣ ማለትም ከተቆጣጣሪው ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ከሌለው ዲስኩን እንደሌለ ይቆጥረዋል። የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽም ብዙ ጊዜ ድራይቨሩን አይዝም፤ የመጀመሪያው ቤት ያየው ባዶ ዝርዝርም ለኤስኤስዲው ሞት ማስረጃ አልነበረም። በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ አዲስ ዊንዶውስ መጫን የሚፈልግ ሰው የኢንቴልን ድራይቨር በፍላሹ ላይ ፈትቶ አስቀምጦ፣ መጫኛው ዲስክ በሚያስመርጥበት ገጽ ላይ «ድራይቨር ጫን» የሚለውን በመጫን ሊያሳየው ይችላል፤ ወይም ቪኤምዲውን አጥፍቶ ይጭናል። የእኔን የጫነው ሰው ሁለተኛውን መርጦ ነበርና መብራት መጥፋቱ የሰውየውን ሥራ ከሥሩ ሻረበት። ወጣቱ ቪኤምዲውን መልሶ አጠፋው፣ አስቀምጦ ወጣ፣ ዊንዶውሴም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተነሳ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ሰጥቶኛል፤ ሥርዓቱ በርቶ ሳለ ዊንዶውስ የተጫነበትን ማሽን የያዘ ሰው ይህንኑ ቢያጠፋ፣ ያው ሰማያዊ ገጽ በተቃራኒው ምክንያት ይመጣበታል። ማን እንደጫነው መጠየቁም ለዚህ ነበር።

ሃርድ ዲስኩ ግን አሁንም የለም፤ ባዮሱም አይጠራውም። በምርመራው መንገድ ይህ ሁለተኛው ጎዳና ስለሆነ ማሽኑ አሁን መከፈት ነበረበት። ወጣቱ ብሎኖቹን በርዝመታቸው ለይቶ በወረቀት ላይ ደረደረ፤ ሌላ ነገር ከመንካቱ በፊትም የዋናውን ባትሪ ማገናኛ ነቀለ። ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ በዩኤስቢ ማገናኛ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ሲያገናኘው ዲስኩ ዞረ፤ ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩት፣ ለስላሳ እንጂ የመንቋቋት ድምፅ የለውም፤ በኮምፒዩተሩ ላይም በስሙ ተጠራ። ዲስኩ በሕይወት ካለ የቀረው መንገዱ ነው ማለት ነው። ሃርድ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው እንደ ጥብጣብ የሳሳ ኬብል ሲሆን፣ ጫፉ የሚገባበትን ቦታ የሚቆልፍ ከጥፍር የማይበልጥ ጥቁር ክዳን አለ። የክዳኑ አንዱ ጫፍ በትክክል ተኝቷል፣ ሌላው ግን በፀጉር ስፋት ያህል ተነስቷል፤ ኬብሉም ጋደል ብሎ ገብቶ ከመዳብ መስመሮቹ ሁለቱ ተፍቀዋል። «ሌላ ቦታ ተከፍቷል» የምትለዋ የካርዱ መስመር ትርጉም ያገኘችው እዚህ ላይ ነው። ቪኤምዲውም ሆነ ሳንቲሟ ባትሪ ለዚህ ተጠያቂ አይደሉም፤ ሃርድ ዲስኩ የጠፋው በጥገና ሙከራ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ባዶ ዝርዝር በአንድ ላይ የተደረቡ ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ነበሩት። አንዱን አግኝቶ ሁሉንም አገኘሁ የሚል ሰው ሁለተኛውን ዲስክ መጣሉ አይቀርም ነበር።

ኬብሉ ለማሽኑ ሞዴል ብቻ የተሠራ በመሆኑ ጎንደር ውስጥ አዲስ አይገኝም፤ ከአዲስ አበባ ማስመጣትም ጊዜ ይወስዳል። ቤቷ ከማይሠሩ ላፕቶፖች የተነቀሉ ኬብሎችን በየሞዴላቸው በፖስታ ለይታ ታስቀምጣለች፤ ለእኔም ተመሳሳዩ ተገኘ። ከመገጠሙ በፊት ግን ወጣቱ ሃርድ ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚይዘውን መዝገብ፣ ስማርት የሚባለውን፣ ተመለከተ። ለማንበብ ያቃቱ፣ ፍርድ የሚጠብቁ ክፍሎች ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም አሉ፤ ፕሮግራሙም ዲስኩን በቢጫ ምልክት አድርጎበታል። እንዲህ ያለ ዲስክ ዛሬ ይሠራል፣ ነገ ግን ዋስትና የለውም። እሱም ገጥሞ አስረክቦ ሊሸኘኝ ሲችል አላደረገውም፤ በዊንዶውስ ፈንታ በኡቡንቱ በተነሳ ኮምፒዩተር ላይ፣ ዲዲሬስኪው በሚባል ፕሮግራም መላውን ዲስክ ወደ ሌላ ዲስክ መቅዳት ጀመረ። ይህ ፕሮግራም መጀመሪያ ያለ ችግር የሚነበበውን ሁሉ ይወስዳል፣ ከዚያ ወደተጎዱት ቦታዎች ይመለሳል፤ ደካማ ዲስክ ገና ከመነሻው መጥፎ ቦታ ላይ እየታገለ እንዳይሞት ይረዳል። ዊንዶውስ «ዲስኩ ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ሲጠይቅ እሺ የሚሉ ጠጋኞች ባሉበት ከተማ ይህ ጥንቃቄ ሊነገርለት ይገባል።

ተራ ስጠብቅ አንድ ደንበኛ የሃርድ ዲስኮች መበላሸት የጎንደር ከፍታ ያመጣው ነው ሲል ሰማሁ። በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ውስጥ አንባቢው ራስ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ስለሆነ፣ አየር ሲሳሳ ችግር መፈጠሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን አምራቾች ለአብዛኛው ሃርድ ዲስክ የሚሰጡት የከፍታ ወሰን 3,000 ሜትር አካባቢ ሲሆን ከተማችን ያለችው ከ2,100 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ ነው። በሰሜን ተራሮች ከ3,200 ሜትር በላይ ወደሆነው ወደ ሳንቃበር ላፕቶፕ ይዘው የሚወጡ ሰዎች ኤስኤስዲ ቢይዙ ይሻላቸዋል። እኛን ታች ያለነውን የሚያጠቃን ግን ድንገት የሚሄድና ድንገት የሚመጣ መብራት ነው።

አሁን ወደ እንከኖቹ። ቤቷ ቀን አትቆርጥም፤ «ሲያልቅ እንደውልልዎታለን» ከማለት ያለፈ መልስ ማግኘት አይቻልም፤ በግብር ወቅት ይህ ሰውን ያስጨንቃል። መቅዳቱ በመካከሉ በመብራት መጥፋት ተቋርጦ ነበር። ፕሮግራሙ የደረሰበትን መዝግቦ ስለሚይዝ ከቆመበት ቀጠለ እንጂ፣ ያላቸው የመጠባበቂያ ባትሪ ስክሪኖቹን እንኳ ለሩብ ሰዓት አይሸከምም፤ የሰው ፋይል የሚያወጣ ቤት ከዚህ የተሻለ ሊይዝ ይገባዋል። ከማይሠራ ማሽን ለተነቀለው ኬብል ዋስትና አይሰጡም፤ ይህን አስቀድመው በግልጽ ስለነገሩኝ አልከፋኝም። ደረሰኙ ግን ሳልጠይቅ አልመጣም፤ ሂሳብ የምይዝ ሰው ስለሆንኩ ይህን በዋዛ አላልፈውም።

ከሁሉም ያልወደድኩት ሌላ ነው። የደንበኛው የይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ በየላፕቶፑ ክዳን ላይ በፕላስተር ይለጠፋል። መደርደሪያው ከባንኮኒው በክንድ ርቀት ላይ ስለሆነ ማንም የቆመ ሰው የሁሉንም ማንበብ ይችላል፤ እኔም ሳልፈልገው የአንድ ተማሪ የይለፍ ቃል የሴት ጓደኛው ስም መሆኑን አወቅሁ። ሰዎች ከማሽናቸው ጋር የሚሰጡት እምነታቸውን ጭምር ነውና ወረቀቱ ወደ ካርዱ ጀርባ ቢዛወር ምንም ወጪ የለበትም። ለባለቤቷ ስነግራቸው አልተቆጡም፤ «እውነትዎን ነው» ብለው የእኔን ወዲያው ላጡት። የሌሎቹ ግን ላፕቶፔን ልወስድ በተመለስኩበት ቀንም እንደተለጠፉ ነበሩ። በተቃራኒው የተቀዱት ፋይሎች ትክክል መሆናቸው ሲረጋገጥ እኔ በሌለሁበት አንድም ፎልደር አልተከፈተም፤ ወጣቱ ወንበር ሰጥቶኝ «እርስዎ ይክፈቱና ይዩ» ብሎ አይጡን አቀበለኝ። የነጋዴዎቹ መዝገብ ከጥቂት አሮጌ ፎቶግራፎች በስተቀር ሙሉ ነበር።

ለምርመራው፣ ለተቀየረችው ሳንቲም መሳይ ባትሪ፣ ለኬብሉና ለመቅዳቱ በጠቅላላው የተጠየቅሁት ክፍያ፣ የመጀመሪያው ቤት ለሁለቱ አዳዲስ ዲስኮች ከጠራው ዋጋ ሲሶ አይሞላም። አዲስ ሃርድ ዲስክ እዚያው እንዲሸጡልኝ ብጠይቅ፣ ያላቸው ያገለገለ ብቻ ስለሆነ ለሂሳብ መዝገብ እንደማይመክሩኝ ነገሩኝ። መሸጥ እየቻለ አልሸጥም የሚል ነጋዴ በሙያዬ ብዙ አላጋጠመኝም። ተማሪ ሆነው ነገ የሚያቀርቡት ሥራ ያላቸው ሰዎች ወደዚህች ቤት ባይሄዱ ይሻላል፤ ፋይላቸው ከጊዜያቸው የሚበልጥባቸው ግን ወደ ሌላ ከመሄዳቸው በፊት እዚህ ያሳዩ፤ ማንም ሳይከፍተው ቢያመጡት ደግሞ ግማሹ ሥራ ይቀላል።

አዲሱን ዲስክ ከአዲስ አበባ በሰው እያስመጣሁ ነው። ሲደርስ ያለ እጅ ዋጋ እንደሚገጥሙልኝ ቃል ገብተዋል። ለላፕቶፕ የሚሆኑት ሃርድ ዲስኮች በውፍረት 7 እና 9.5 ሚሊ ሜትር ሆነው ስለሚመጡና ወፍራሙ በእኔ ማሽን ስለማይገባ፣ ወጣቱ «7 ሚሊ ሜትር፣ ሳታ» ብሎ በደረሰኙ ጀርባ ላይ ጽፎልኛል፤ ሳታ የማገናኛው ዓይነት ነው። ለኤስኤስዲ ገዢዎችም ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ 22 በ80 ሚሊ ሜትር የሆነው ቀጭኑ ኤስኤስዲ በመልክ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳታም፣ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ሌላው ፈጣን ዓይነትም ሊሆን ይችላል፣ አንዱን ብቻ የሚቀበል ማገናኛ ላይ ሌላውን የሰካ ሰው አዲስ ዲስክ ገዝቶ እንደገና «ዲስክ የለም» የሚል ገጽ ያያል። ከመግዛታቸው በፊት አሮጌውን ይዘው ሄደው ላሳዩ ሰዎች ወጣቱ ይህን ያለ ክፍያ ይለይላቸዋል።